አሪየት አረፈች

ስልኩ ሲጮህ ጎመን እያጠጣሁ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ጂማ፣ ከቤቴ ጓሮ፣ የተከልኩትን ጎመን ከጎረቤት ዶሮ ስከላከል እውላለሁ። የደወለው ኦኬሎ ነው። ጋምቤላ ሳስተምር የትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል ሠራተኛ የነበረ የአኙዋክ ሰው ነው፤ ከተለያየን ስንት ዘመን ሆኖን እንኳ በየበዓሉ እየደወለ "መምህር፣ አለህ?" ይለኛል። ያን ቀን ግን በዓል አልነበረም።

"መምህር፣ አለህ?"

"አለሁ ኦኬሎ። ምነው፣ በደህና?"

"አሪየት አረፈች።"

የውኃው ጆግ ከእጄ ወደቀ። ኦኬሎ ማውራቱን አላቆመም፤ ግን መስመሩ እየተቆራረጠ የትውልድ ቀዬዋን "አቦቦ" ሲል፣ "ቅዳሜ" ሲል፣ "ሰው ሁሉ ይመጣል፣ አንተም ና" ሲል ብቻ ሰማሁትና ጭራሹን ጠፋ። መልሼ ብደውል፣ ደጋግሜ ብደውል፣ ያቺ የማትሰለች ሴት "ማግኘት አይችሉም" ትለኛለች።

ባለቤቴ ውብነሽ ፊቴን አይታ ከኩሽና ወጣች። "ማን ነው?" አለችኝ፤ ማን ሞተ ማለቷ ነው።

"አሪየት። ያቺ የጋምቤላዋ ዘፋኝ፣ ተማሪዬ የነበረችው።"

"ውይ! እሷማ ገና ምን አላት? ምነው ታዲያ በቴሌቪዥን አልተነገረ?"

"ለሷ ማን ይናገርላታል!" ብዬ ጮህኩባት። ውብነሽን ለምን እንደተቆጣሁ አላውቅም፤ ሰው ሲያዝን ቅርቡ ያለውን ነው የሚነክሰው። እሷም ክፉ አልመለሰችልኝም። ገብታ ጥቁር ኮቴን ከቁም ሳጥን አውጥታ አራገፈችልኝ። "ቀብሩ ቢያልፍህ እንኳ ሄደህ እርምህን አውጣ። አለዚያ ጎመኑን በእንባህ ነው የምታጠጣው" አለች።

በነጋታው ማለዳ፣ ዓርብ ቀን፣ የመቱ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። መስኮቱን ተደግፌ አለቀስኩ፤ አፈርኩም። አሪየትን ካነጋገርኳት ዓመታት አልፈዋል። ደህና ነሽ ወይ ለማለት አንድ ቀን ሳልደውል፣ ለሞቷ ግን ሁለት ቀን ሙሉ መንገድ ልሄድላት ነው። እኛ ሰዎች እንዲህ ነን፤ ለቁም ሰው ጊዜ የለንም።

ከአሪየት ጋር የተዋወቅነው ጋምቤላ ክልል በሆነ ማግሥት ነው። ያኔ በከተማዋ ቀለሙ የደረቀ የቢሮ ሰሌዳ አልነበረም። ትናንት መጋዘን የነበረው ዛሬ ቢሮ ይሆናል፤ ቢሮ በተከፈተ ቁጥር ሪባን ይቆረጣል፤ ሪባን በተቆረጠ ቁጥር የክልሉ የኪነት ቡድን ይዘፍናል። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የሄድኩ ወንደላጤ የአማርኛ መምህር ነበርኩ። ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር፣ እትዬ በለጡ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። እትዬ በለጡ ጤና ረዳት የነበሩት ባላቸው ሲሞቱባቸው፣ "ሙቀቱን አንዴ ለምጄዋለሁ" ብለው እዚያው የቀሩ የወሎ ሴት ናቸው። በከተማው ለቅሶ ከሳቸው ቀድሞ የደረሰ ሰው የለም። አንዳንዴ ሟቹንም የሚቀድሙት ይመስለኝ ነበር።

አሪየት አስራ አንደኛ ክፍል ሳለች አስተማርኳት። ረዥም፣ አንገቷ ቀጥ ያለ፣ ስትስቅ አፏን የማትሸፍን ልጅ ነበረች። በሰዋስው ፈተና ጾታ ከሚለው ክፍል አንድም ጥያቄ አላገኘችም። ምን ታድርግ? በአኙዋክኛ "እሱ" እና "እሷ" አንድ ቃል ነው። ስለዚህ ለአሪየት ርዕሰ መምህሩም፣ ባሮ ወንዝም፣ እትዬ በለጡም ሁሉም "አንተ" እና "እሱ" ነበሩ። "አንቱ" የሚባለውማ ጭራሽ የባሮን ድልድይ አልተሻገረም። "በለጡ፣ ደህና ዋልክ?" ትላቸዋለች። እሳቸውም "ባሌ ቢሞት ጊዜ ይቺ ልጅ እኔኑ ባል አደረገችኝ" እያሉ ይስቁ ነበር።

እናቷን አቻንን የማያውቅ የከተማ ሰው አልነበረም። ልጇን ለማስተማር ከአቦቦ ወደ ከተማ የገባች ሴት ናት። ማለዳ ወንዝ ዳር ወርዳ ከአጥማጆች ዓሣ ትረከባለች፤ ዓሣ ከሌለ ማንጎ ትለቅማለች። ከዚያ በአንድ ሰማያዊ ሳፋ ሞልታ፣ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ በዚያ ሙቀት በየቤቱ ትዞራለች። ሳፋዋን ሳትይዝ ስትሄድ እንኳ አንገቷ አይዞርም፤ በስሟ ብትጠሯት ከነሙሉ ሰውነቷ ነው የምትዞረው። አሪየትም ይህን ከእናቷ ወስዳለች መሰለኝ፤ ቃል ሲጠፋባት ግራ እጇን አናቷ ላይ ታደርጋለች፣ የማይታይ ሳፋ የያዘች ይመስል። ቃሉን ስታገኝ እጇ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ትምህርቷን ጨርሳ የኪነት ቡድኑ ውስጥ ገባች። አንድ ጊዜ ለትልቅ ምረቃ ድምፅ ማጉያ ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ስትዘፍን ሰማት። ሰውዬው ሙዚቃ ቤት አለው። "ግጥሙና ዜማው የማን ነው?" ቢላት "የኔ" አለችው። "እንግዲያው ግማሹን በአማርኛ አድርገሽ አምጪና ካሴት እናወጣልሻለን" ብሏት ሄደ።

በማግሥቱ ደብተሯን ይዛ እትዬ በለጡ ግቢ ከች አለች።

"መምህር፣ ቀይ እስክሪብቶ አለህ?"

"አለኝ።"

"አማርኛዬን አርመው። ግን ስማ። ካሴቱ ከተሸጠ እናቴ ሳፋ አይሸከምም። ካልተሸጠ እኔም ሌላ ሳፋ እገዛለሁ።"

ይህን ስትል አልሳቀችም። እኔም አልሳቅሁም። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ወይ አንዷ ታርፋለች፣ ወይ ሁለቱም ይሸከማሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። እኔ ቃል አነሣለሁ፣ እሷ ወንበሩን በጣቷ እየመታች ትሞክረዋለች። "ይጨፈራል?" ትለኛለች። ስለ ማንኛውም ቃል የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ፍቺውን ነግሬ፣ እርባታውን ነግሬ፣ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ አስረድቼ ስጨርስ፣ "እሺ፣ ገባኝ። ግን ይጨፈራል?" ትላለች። "ናፍቆት" ይጨፈራል። "ትዕግሥት" አይጨፈርም፤ "ሲሄድ ይደናቀፋል" አለችና ሰረዘችው። እኔ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ስማር ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ስንከራከር እንዲህ አለችኝ፤ "መምህር፣ አንተ ቃሉን ታውቃለህ። እኔ ቃሉ የሚሄድበትን አውቃለሁ።" ያኔ ድፍረት መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር።

ከስምንቱ ዘፈኖች አንዱ ጋ ስንደርስ ቀይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ምቱ ፈጣን ነው፤ እትዬ በለጡ እንኳ ሽንኩርት እየከተፉ ትከሻቸውን ሲሰብቁ አይቻቸዋለሁ። ግጥሙ ግን፣ ጾታውን ካረምኩላት በኋላ፣ እንዲህ ይላል፦

*እናቴ አረፈች፣ ባሮ ዳር አረፈች፣*
*ሳፋዋን አወረደች፣ እናቴ አረፈች።*

"አሪየት፣ እናትሽ ሞታለች እንዴ?" አልኳት።

"አልሞተም! ገበያ ነው።"

"'እናቴ አረፈች' ስትዪ እኮ ሞተች ማለትሽ ነው።"

"ሞተችማ ሞተች ነው። አረፈች ግን ደክሞት ነበር፣ አሁን ተቀመጠ።"

"እሱ 'አረፍ አለች' ነው የሚባለው። ቁጭ ያለ ሰው አረፍ አለ፤ የሞተ ሰው አረፈ።"

እጇን አናቷ ላይ አደረገች።

"ያልሞተ ሰው 'አረፍ' ብቻ? ትንሽዬ?"

"አዎ።"

"ሙሉውን የሚያርፍ የሞተ ብቻ ነው?"

በሰዋስው ደረጃ ትክክል ነች። "እንደዚያ ነው" አልኳት።

"የናንተ አገር ሰው ያሳዝናል" አለች አሪየት። "እናቴ ትንሽዬ ዕረፍት አይደለም የሚፈልገው። እሱንማ ሁልጊዜ ጥላ ስር ያደርጋል፣ ከዚያ ይነሣል፣ ይሸከማል። እኔ የምዘፍነው ሙሉውን ነው።"

እኔ ግን አስተማሪ ነኝ። በቀይ ሰርዤ "አረፍ አለች" ብዬ ጻፍኩበት። ወንበሩን እየመታች ሞከረችው። "እናቴ አረፍ አለች..." ጣቷ መሀል ላይ ቆመ። "አይጨፈርም" አለች። "ይጨፈርም አይጨፈርም፣ ሰው እንዳይስቅብሽ ነው" አልኳት። ደብተሩን ዘግታ ተነሣች። ሰው እንዳይስቅባት ፈርቼ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በኔም እንዳይስቁ ፈርቼ ነበር።

አዲስ አበባ ሄዳ ወር ቆይታ መጣች። "ባንድ የለም መምህር" ብላ አወራችኝ። "አንድ ሰው ብቻ ነው። ከበሮውንም፣ ጊታሩንም፣ ሁሉን በጣቱ ኪቦርድ ላይ ይሠራል። ብቸኛ ነው፤ አሳዘነኝ።" ካሴቱን ሰጠችኝ። ሽፋኑ ላይ በቢጫ ቀሚስ ቆማለች። ገልብጬ ሳየው በደቃቅ ፊደል "የግጥም እርማት፦ መምህር ታደለ" ይላል። ስሜ ሲታተም የመጀመሪያዬ ነበር። ለእትዬ በለጡ አሳየሁ፣ ለርዕሰ መምህሩ አሳየሁ፤ ማጫወቻ ስላልነበረኝ ግን አልሰማሁትም።

የሰማሁት በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ነው። ገበያው አጠገብ ያለው ሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ይከፍታል። እኔ ሰሌዳው ላይ ስለ ግሥ እርባታ እየጻፍኩ ሳለ ያ ፈጣን ምት በመስኮት ገባ፤ ተማሪዎቹ በእርሳስ ጠረጴዛ መምታት ጀመሩ። ከዚያ የአሪየት ድምፅ መጣ፣ "እናቴ አረፈች! ባሮ ዳር አረፈች!"

ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ልጅቷ ቀዩን እስክሪብቶዬን አዲስ አበባ ድረስ ይዛው ሄዳ፣ እዚያ ጥላው መጥታለች። ኋላ እንደነገረችኝ ኪቦርድ ተጫዋቹም ደንግጦ "በዚህ ምት ሐዘን?" ብሏት ነበር፤ "አዎ" ብትለው የአገሩ ባህል መስሎት አለፈው። እኔ ግን ስሜ ሽፋኑ ላይ አለ። የት ልግባ?

እግዚአብሔር ይስጠውና ብዙ እንዳስብ ኦኬሎ ጊዜ አልሰጠኝም። በሩን በርግዶ ገባ።

"መምህር! በለጡ ሴቶቹን ሰብስቦ አቻን ቤት ሄደ። እያለቀሰ ነው!"

ወዲያው ገባኝ። እትዬ በለጡ ገበያ መሀል የአሪየትን ድምፅ ሰምተዋል። ልጅቷ ራሷ "እናቴ አረፈች" እያለች ለከተማው ስታረዳ፣ ለሳቸው ሳይነገራቸው ቀርቷል! ጠመኔውን ጥዬ ሮጥኩ። ከትምህርት ቤቱ እስከ አቻን ቤት ድረስ እንደዚያ ቀን የራቀኝ መንገድ የለም። አልቀደምኳቸውም። ስደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አቀርቅረው፣ እየጮሁ ግቢው ውስጥ ገብተዋል። አንዷ ንፍሮ ሳይቀር ይዛለች።

አቻን ደጇ ላይ ዓሣ እየፋቀች ነበር። ሲያለቅሱ ስታያቸው ቢላዋዋን ጣለች። "በለጡ ሰው ሞቶበታል" ብላ አሰበች። ምስኪን፣ እሷም ሁለት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ፣ በቋንቋዋ እየጮኸች ልትቀበላቸው ሮጠች። እትዬ በለጡ በነጠላቸው ተሸፍነው የመጣውን አንገት አቅፈው "እህቴን! እህቴን! ዓሣዬን ማን ያመጣልኛል!" ይላሉ። አቻን ደግሞ እሳቸውን አቅፋ "ማን ሞተ በለጡ? ማን ሞተ?" ትላለች።

እትዬ በለጡ ቀና አሉ። አዩዋት።

"አንቺ!" አሉ።

እትዬ በለጡ አማተቡና ወደኔ ዞሩ። "አንተ ታደለ! ስምህ ካሴቱ ላይ አለ አይደል? ሰውን በቁሙ መቅበር ነው ያረምከው?" ሌላዋ ሴት "ሟርት ነው! ከየሱቁ ይሰብሰብ!" አለች። ሁሉም "ይሰብሰብ" አሉ። አሪየት ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እጇ አናቷ ላይ ወጣ፤ የሚወርድበት ቃል ግን አልመጣላትም። ካሴቱ ከከተማው ከተሰበሰበ፣ ወሬው አዲስ አበባ ከደረሰ፣ ሙዚቃ ቤቱ ሁለተኛ ፊቷን አያይም። ሁለተኛው ሳፋ ታየኝ።

አቻን ልጇን ጠየቀቻት። አሪየት በአኙዋክኛ እየተንተባተበች ነገረቻት። እናት ሰምታ ስትጨርስ፣ እንደ ልማዷ ከነሙሉ ሰውነቷ ዞራ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ዓይናቸው ቀልቷል፤ የእትዬ በለጡ አፍንጫ ገና ይፈሳል።

"ይሄ ሁሉ ለኔ ነው?" አለች በአማርኛ።



ዓሣውን ቅጠል ላይ ዘረገፈች። ሰማያዊውን ሳፋ አንሥታ፣ ግቢው መሀል ላይ ደፋችው። ከዚያ ተቀመጠችበት። በቋንቋዋ የሆነ ነገር ተናገረች፤ አሪየት እያለቀሰችና እየሳቀች ተረጎመችው፤

"ሞቼ ማን እንደሚያለቅስልኝ በዓይኔ አየሁ ይላል። ከዚህ የበለጠ ምን ዕረፍት አለ? ዘፈኑን ክፈቱ ይላል።"

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ በለጡ ናቸው። ከዚያ ማን ይያዘን? ጎረቤት ቴፑን አመጣ፤ እትዬ በለጡ ያዘቀዘቁትን ነጠላ አስተካክለው፣ ወገባቸውን አስረው ገቡበት። ንፍሮውን በዓሣ በላነው። እኔም ጨፈርኩ፤ ጎጃሜ በዚያ ሙቀት እንዴት እንደሚጨፍር ያየ አይቶታል። አሪየት በአጠገቤ ስታልፍ "መምህር፣ ይጨፈራል?" አለችኝ። በትከሻዬ መለስኩላት።

ያ ወሬ በነጋታው አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። የሞተች እናት ሳፋዋ ላይ ተቀምጣ ስታጨበጭብ ታየች የሚለው ወሬ በየደረሰበት ሰው ካሴቱን እንዲፈልግ አደረገ። የሰማው ደግሞ ለወሬው ሳይሆን ለድምፅዋ ደገመው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አሪየት የአዲስ አበባው ሙዚቃ ቤት ሰው በስልክ እንደሚፈልጋት የሚነግር የጥሪ ወረቀት ከቴሌ መጣላት። አብሬያት ሄድኩ። በመስታወቱ አያታለሁ፤ ስልኩን በቀኝ እጇ ይዛ ግራ እጇን አናቷ ላይ አድርጋለች። ብዙ ካዳመጠች በኋላ እጇ ቀስ ብሎ ወረደ። ወጣች።

"አልቋል" አለችኝ።

"ምኑ ነው ያለቀው?"

"ካሴቱ። የታተመው ሁሉ አልቋል። እንደገና ያትማል፣ ቶሎ ና ብሎኛል።"

ቴሌው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ክረምት ዘፈኑ በየታክሲው፣ በየሠርጉ ሆነ። የመጨረሻ ልጇን የዳረች እናት ብድግ ብላ የምትጨፍርበት እሱ ነበር፤ "አረፈች! አረፈች!" ይሏታል፣ በሕይወት እያለች። እኔ በቀይ የሰረዝኩትን ቃል አገሩ በሙሉ አጸደቀላት። አቻን ጣራና መደርደሪያ ያለው ሱቅ ገበያው ውስጥ ተሠራላት፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ መሸጥ ጀመረች። አላፊ አግዳሚው "አቻን፣ አረፍሽ?" ሲላት "አረፍኩ!" ትላለች ጮክ ብላ። እኔም ሌላ ሁለት ዓመት አስተምሬ ተዛወርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ በኋላ ቀይ እስክሪብቶ ስይዝ እጄ እንደ ድሮው አይደፍርም ነበር።

መቱ አድሬ ቅዳሜ ጋምቤላ ገባሁ። ከመቱ ወዲያ ካለችው ቡሬ ቁልቁል ሲወረድ ሙቀቱ እንደ ድሮ ዘመድ አቀፈኝ፤ ጥቁሩን ኮት ግን አላወለቅሁም። ከዚያ አቦቦ የሚሄድ ሚኒባስ ያዝኩ። ሾፌሩን "የአሪየት ቤት የት ነው?" ብዬ ብጠይቀው "ሰው ሁሉ የሚሄደው እዚያ ነው" አለኝ። ባርኔጣዬን ወደ ዓይኔ ጎትቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

የማንጎ ዛፎች መሀል ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ሰው ሞልቷል። በቃ፣ እውነት ነው አልኩ። እንደ አገሬ ደንብ ከሩቁ ጀመርኩ፤ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ደረቴን እየመታሁ "አሪየቴን! ልጄን! ሳልጠይቅሽ!" እያልኩ ገባሁ። ሰው ሁሉ ዞረ። ኦኬሎ ከወንበሩ ተነሥቶ በድንጋጤ ቆመ።

ከቤቱ ውስጥ አንዲት ረዥም፣ ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ግራ እጇን አናቷ ላይ አድርጋ እየሮጠች ወጣች።

"መምህር! ማን ሞተ? ውብነሽ ነው?"

አየኋት። ደጋግሜ አየኋት።

"አንቺ!" አልኩ።

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ይህኛው ግን ሌላ ለቅሶ ነበር። ኦኬሎ "እኔ አረፈች ነው ያልኩት!" ይላል። "ሠላሳ ዓመት መንገድ ለመንገድ ዘፈነ፣ አሁን ቤቱን ሠራ፣ ገባ፣ አረፈ! ቅዳሜ ድግስ አለ፣ ሰው ሁሉ ይመጣል አልኩህ!" ብሏል፤ ምን ስህተት አለው? አቻን በእርጅናዋ የሞተች ጊዜ አሪየት ደውላ "እናቴ ሞተ" ብላኝ ነበር እኮ። አረፈች አላለችም። አቻን ያረፈችው ድሮ ነው፤ ያን ቀን የሞተች ብቻ ናት። ይህን የማውቅ ሰው፣ ሽፋኑ ላይ ስሜ የታተመው ሰው፣ ከእትዬ በለጡ ብሼ ተገኘሁ።

አሪየት ሰማያዊ ሳፋ ከቤት አወጣች። ጠርዙ ተልጧል፤ አወቅሁት። አጠገቧ ደፋችው።

"አረፍ በል መምህር" አለችኝ። አንድ ፊደል ሳትሳሳት፣ በመጽሐፍ አማርኛ። "ላንተ ትንሽዬው ይበቃሃል፤ እንዳትሞትብኝ።"

ኮቴን አውልቄ የአቻን ሳፋ ላይ ተቀመጥኩ። ድንኳኑ ውስጥ ቴፕ ተከፍቷል። ያ ምት ነው። ኦኬሎ ገና ዓይኑን እየጠራረገ ይስቃል፤ አሪየት ጫማዋን አወለቀች። በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ውብነሽ ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች።

"ደረስክ? ለቅሶው እንዴት ነው?"

አሪየትን አየኋት። እጇ ከአናቷ ላይ ቀስ ብሎ እየወረደ ነበር።

"ይጨፈራል" አልኳት።